ወሲባዊ ጥቃትን በዳሰሳ ጥናት በትክክል ለመለካት፦ አማራጮችን አመዛዝኖ የመምረጫ መመሪያ

በ2010 በአንድ አገር ውስጥ የተካሄዱ ሁለት መንግሥታዊ ዳሰሳዎች ስለ አንድ ጉዳይ እጅግ የተራራቁ ቁጥሮች አወጡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ብሔራዊ የወንጀል ሰለባዎች ዳሰሳ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሴቶችና ወንዶች ላይ በዓመቱ የደረሰው አስገድዶ መድፈርና ሌላ ወሲባዊ ጥቃት ተደምሮ 188,380 ገደማ እንደሚሆን ገመተ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ያካሄደው ዳሰሳ ደግሞ በ12 ወራት ውስጥ የመደፈር ወይም የመደፈር ሙከራ የደረሰባቸው ሴቶች ብቻቸውን 1.27 ሚሊዮን ገደማ እንደሆኑ አስታወቀ። ሁለቱም በሠለጠኑ ባለሙያዎች፣ በብዙ ሺህ በሚቆጠሩ መላሾች ላይ የተካሄዱ ናቸው። ልዩነቱ ከናሙና ማነስ የመጣ አይደለም፤ የጥያቄው አነጋገር፣ ጥናቱ ለመላሿ የቀረበበት መልክ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ሁኔታና የአቆጣጠሩ ደንብ ያመጡት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድንም የወንጀል ዳሰሳው ጥቃቱን አሳንሶ ሳይቆጥር እንዳልቀረ ደምድሞ፣ ለወሲባዊ ጥቃት ብቻ የተለየ ዳሰሳ እንዲዘጋጅ መክሯል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ጥናት ሊያካሂዱ ለተነሡ ተመራማሪዎች፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና በድርጅቶች ውስጥ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነው። የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፦ ስሕተት የሌለበት መሣሪያ ስለሌለ፣ አጥኚው መምረጥ ያለበት ዓላማውን ይበልጥ የሚጎዳውን ስሕተት የሚቀንስለትን መሣሪያ ነው፤ ይህንንም ስለ ናሙና መጠን ከማሰቡ በፊት መወሰን አለበት። ጉዳዩ የስታቲስቲክስ ብቻ አይደለም። በ24 ታዳጊ አገሮች የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች ላይ ተመሥርቶ በ2014 የታተመ ትንተና፣ ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል ለፖሊስ፣ ለጤና ተቋም ወይም ለሌላ መደበኛ አካል ያመለከቱት 7 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። የቀሩት በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም፤ መኖራቸው የሚታወቀው በሚገባ በተጠየቀ ዳሰሳ ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚፈለገው ቁጥር ይለይ

ወሲባዊ ጥቃት ምን ያህል ተስፋፍቷል የሚለው ጥያቄ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን በውስጡ ይዟል። የመጀመሪያው በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች ድርሻ ነው፤ ይህ የችግሩን ስፋትና የረጅም ጊዜ የጤና ጉዳቱን ለማሳየት ይጠቅማል። ሁለተኛው ባለፉት 12 ወራት ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች ድርሻ ሲሆን፣ አገልግሎት ለማቀድና ለውጥን ከዓመት ዓመት ለመከታተል የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ሦስተኛው የጥቃቶቹ ብዛት ነው፤ በአንዲት ሴት ላይ በዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ጥቃት ቢደርስ ሰለባዋ አንድ ናት፣ ጥቃቱ ግን ስድስት ነው። እነዚህን ሦስቱን ሳይለዩ መጠይቅ ማዘጋጀት በኋላ ሊታረም የማይችል ጉድለት ያስከትላል። ለምሳሌ የሁለት ዓመት የመከላከል ፕሮጀክት ውጤት በሕይወት ዘመን ድርሻ ሊገመገም አይችልም፤ አንዴ የደረሰ ጥቃት ከዚህ ቁጥር ውስጥ አይወጣምና፣ ፕሮጀክቱ የቱንም ያህል ቢሳካ በነባሮቹ ተሳታፊዎች ዘንድ ቁጥሩ ዝቅ ሊል አይችልም።

ከዚሁ ጋር አብሮ የሚወሰነው የጥቃቱ ወሰን ነው። በባልና በፍቅር ጓደኛ የሚፈጸመው ብቻ ነው ወይስ ማንም የፈጸመው? ያለ ፈቃድ መነካካት ይቆጠራል ወይስ የግብረ ሥጋ ግንኙነትና ሙከራው ብቻ? የልጅነት ጥቃት ይካተታል ወይስ ከተወሰነ ዕድሜ ወዲህ ያለው ብቻ? መልሱ በጽሑፍ ካልሰፈረ ከሌላ ጥናት የተቀዳ መሣሪያ ሳይታሰብ በአጥኚው ምትክ ይወስናል።

ስያሜውን መጠየቅ ወይስ ድርጊቱን መጠየቅ

ከምርጫዎች ሁሉ በቁጥሩ ላይ ይበልጥ የሚከብደው ይህ ነው። አንደኛው መንገድ መላሿን በቀጥታ ‹‹ተደፍረው ያውቃሉ?›› ወይም ‹‹ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብዎት ያውቃል?›› ብሎ መጠየቅ ነው። ሌላው የተፈጸመውን ድርጊትና ድርጊቱ የተፈጸመበትን መንገድ በግልጽ አማርኛ አስቀምጦ መጠየቅ ነው፦ ‹‹የሚያውቁትም ሆነ የማያውቁት ማንኛውም ሰው በክብደቱ ተጭኖ፣ እጅዎን ጠምዝዞ ወይም መትቶ፣ ሳይፈልጉ የግብረ ሥጋ ግንኙነት እንዲፈጽሙ አስገድዶዎት ያውቃል?›› የመጀመሪያው ጥያቄ መላሿ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ እንድትሠራ ይጠይቃታል፤ የደረሰባትን ማስታወስ፣ ከዚያም ለደረሰባት ነገር ያ ስያሜ ይገባዋል አይገባውም ብላ መፍረድ። ሁለተኛው ማስታወሱን ለእርሷ ትቶ ፍርዱን ወደ አጥኚው ያዛውራል።

ሜሪ ኮስ የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረባቸው ጋር በ1982 ያስተዋወቁት የወሲባዊ ገጠመኞች መጠይቅ ይህን መንገድ ከቀደዱት አንዱ ነው። በ1987 የታተመው ሰፊ ጥናታቸው በ32 የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚማሩ 6,159 ተማሪዎችን ያካተተ ሲሆን፣ የደረሰባቸው ነገር የአስገድዶ መድፈርን ትርጉም ከሚያሟላ ሴቶች መካከል ነገሩን በዚያ ስም የጠሩት 27 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ስያሜውን ብቻ የሚጠይቅ ዳሰሳ ቢሆን ኖሮ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ባልተቆጠሩ ነበር። ስያሜውን ያልተጠቀሙት ነገሩ ሳይጎዳቸው ቀርቶ አይደለም። አድራጊው ፍቅረኛ ወይም ባል ስለሆነ፣ መሣሪያ ስላልተመዘዘ፣ ራሳቸውን ስለሚወቅሱ፣ ወይም ቃሉን በራስ ላይ መጥራት ስለሚከብድ ነው።

ይበልጥ አሳማኝ የሆነው ማስረጃ በ1997 ከተደረገው ንጽጽር የተገኘው ነው። ቦኒ ፊሸርና ባልደረቦቻቸው 4,446 የኮሌጅ ሴቶችን በድርጊት ተኮር ጥያቄዎች ጠየቁ፤ ጎን ለጎን በተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ ቁጥራቸው ተቀራራቢ የሆነ የኮሌጅ ሴቶች የብሔራዊው የወንጀል ዳሰሳ ዓይነት ጥያቄዎች ቀረቡላቸው። የተፈጸመ አስገድዶ መድፈር በመጀመሪያው 1.66 በመቶ፣ በሁለተኛው 0.16 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የጥያቄው አቀራረብ ብቻ አሥር እጥፍ የሚያልፍ ልዩነት አመጣ ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ ነጥብ ላይ ማመንታት የለም፤ የማጣሪያ ጥያቄዎቹ፣ ማለትም ጥቃት የደረሰበትን ካልደረሰበት የሚለዩት የመጀመሪያ ጥያቄዎች፣ ድርጊት ተኮር ይሁኑ። የስያሜውን ጥያቄ መጠቀም የሚቻለው በመጨረሻ፣ እንደ ተለየ ተለዋዋጭ ብቻ ነው። መላሿ የደረሰባትን ምን ብላ እንደምትጠራው ማወቅ ለምክር አገልግሎትና ለሕግ ግንዛቤ ጠቃሚ ነው፤ ለመቁጠሪያነት ግን አይሆንም።

ድርጊት ተኮር መሆን ብቻውን ግን ከስሕተት አያድንም። የ1987ቱ መጠይቅ ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ነበረው፤ ይዘቱም አንድ ወንድ መጠጥ ወይም ዕፅ ስለሰጠሽ ሳትፈልጊ ግንኙነት ፈጽመሻል ወይ የሚል ነበር። ተቺዎች ይህ ጥያቄ ራሷን ስታ መከላከል ያልቻለችውን ሴት፣ ጠጥታ በኋላ ከተጸጸተችው አይለይም አሉ። ትችቱ የቀረበበት መንፈስ ሁልጊዜ ቅን ባይሆንም ነጥቡ ትክክል ነበር። በ2007 የተሻሻለው ቅጂ መላሿ ከስካር የተነሣ ወይም ራሷን ስታ የሚሆነውን ማስቆም በማትችልበት ሁኔታ ላይ እያለች ተጠቅመውባት እንደሆነ በመጠየቅ ችግሩን አቃለለ። ትምህርቱ ለማንኛውም መጠይቅ አዘጋጅ ይሠራል፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ነገሮች ማለትም ድርጊቱ፣ የማስገደጃው መንገድና የፈቃድ አለመኖር ተለይተው መታየት አለባቸው፤ አንዳቸው ከጎደሉ ወይም ከተደበላለቁ አዎ የሚለው መልስ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። ድርጊቱን አስቀድሞ የማስገደጃውን መንገድ ከማስከተል ይልቅ፣ መንገዱን አስቀድሞ መጠየቅ ብዙ መላሾች የደረሰባቸውን እንዲያስታውሱ ያደርጋል። ምክንያቱም ሰው እንዲህ ያለውን ገጠመኝ የሚያስታውሰው በማስፈራራቱ፣ በመታነቁ ወይም በመስከሩ በኩል እንጂ በድርጊቱ ዓይነት በኩል ላይሆን ስለሚችል ነው።

በአንድ ደረጃ መቁጠር ወይስ በሁለት

የወሲባዊ ገጠመኞች መጠይቅ በአንድ ደረጃ ይቆጥራል፤ ለማጣሪያ ጥያቄው አዎ ያለች ሰው በዚያው ጥያቄ መሠረት ትመደባለች። ባለ ሁለት ደረጃው መንገድ ግን አዎ ለተባለለት ለእያንዳንዱ ጥያቄ የድርጊት ቅጽ ይከፍታል፤ መቼ ሆነ፣ ማን አደረገው፣ ምን ተደረገ፣ እንዴት ተፈጸመ እያለ ጠይቆ የመጨረሻውን ምድብ የሚወስነው በቅጹ መልሶች ላይ ተመሥርቶ ነው።

ባለ ሁለት ደረጃው አንድን ድርጊት ሁለት ጊዜ ከመቁጠር ያድናል፣ ቀኑን ያጠራል፣ በስሕተት የተባለን አዎ ያስተካክላል። ዋጋውም ከባድ ነው። ቃለ መጠይቁ ይረዝማል፤ መላሿ አንድ አዎ ሃያ ጥያቄ እንደሚያስከትል ከተረዳች ቀጣዩን አይደለም ማለት ይቀላታል፤ በቅጹ ላይ አንድ ዝርዝር ሲጎድል ደግሞ እውነተኛ ጥቃት ከቁጥር ይወጣል። ብዙ ጊዜ ጥቃት የደረሰባት ሴት ከሁሉም በላይ የምትደክመው በዚህ መንገድ ነው።

የስሕተት አዎ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ በቁጥር ላሳየው። ከ10,000 ሴቶች መካከል ባለፈው ዓመት በእርግጥ ጥቃት የደረሰባቸው 200 ናቸው እንበል። መጠይቁ ከእነዚህ 70 በመቶውን ቢያገኝ 140 ይሆናሉ። ጥቃት ካልደረሰባቸው 9,800 መካከል ደግሞ 1 በመቶው ብቻ ጥያቄውን ባለመረዳት ወይም ከዓመቱ በፊት የሆነውን በማስገባት አዎ ቢሉ 98 ይሆናሉ። ዳሰሳው 238 ሰለባዎችን ይዘግባል፤ ይህም ከእውነተኛው ቁጥር ብዙም የራቀ አይመስልም። ነገር ግን ከተቆጠሩት መካከል ከአሥሩ አራቱ በዓመቱ ጥቃት ያልደረሰባቸው ናቸው፤ 60 እውነተኛ ሰለባዎች ደግሞ ውጪ ቀርተዋል። ድምሩ ደህና መስሎ የሰለባዎቹ መገለጫ ግን ተዛብቷል። ጥናቱ ጥቃትን ከድብርት፣ ከዕድሜ ወይም ከገቢ ጋር ለማያያዝ የታሰበ ከሆነ ይህ መዛባት ከድምሩ ስሕተት የበለጠ ይጎዳል።

ስሌቱ ከዚህ ውጪ የሚያስረዳው ነገርም አለ። የሚለካው ነገር ብርቅ በሆነ መጠን የስሕተት አዎ ክብደት ይጨምራል፤ ስለዚህ ለሕይወት ዘመን ድርሻ አንድ ደረጃ ያለው መጠይቅ በቂ ነው፣ ለ12 ወራት ድርሻና ለጥቃት ብዛት ግን ሁለት ደረጃ ይሻላል። አቅም ከሌለ ቅጹን ማሳጠር ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ አዎ የተከሰተበትን ጊዜና ድርጊቱን በአጭሩ የሚያረጋግጡ ሁለት ሦስት ጥያቄዎች እንኳ ብዙ ያጠራሉ። የማጣሪያ ጥያቄዎቹ ሁሉ ተጠይቀው ካለቁ በኋላ ብቻ ወደ ዝርዝር መግባት ደግሞ አዎ ማለት የሚያስከትለውን መሰላቸት ቀድሞ ከማወቅ መላሿን ያድናታል።

ከተዘጋጁት መሣሪያዎች የትኛው ለማን ይሆናል

የወሲባዊ ገጠመኞች መጠይቅ ማንበብ ለሚችሉ፣ በተለይም ለተማሪዎችና ለወጣት አዋቂዎች፣ ራሳቸው የሚሞሉት ሆኖ ሲቀርብ ጥሩ ነው። ማንኛውንም አድራጊ ያካትታል፤ ከ14 ዓመት ዕድሜ ወዲህ ያለውንና ያለፉትን 12 ወራት ለይቶ ይጠይቃል፤ በ2024ም በአዲስ ቅጂ ታድሷል። ዓረፍተ ነገሮቹ ረጃጅምና ድርጊቶቹ በዝርዝር የተገለጹ ስለሆኑ በጆሮ ብቻ ለሚሰማ መላሽ ይከብዳሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ውጤቱን ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት ከ10 አገሮች የተውጣጡ ከ24,000 በላይ ሴቶችን ሲጠይቅ፣ በትዳር አጋር የሚፈጸመውን ወሲባዊ ጥቃት በሦስት ጥያቄዎች ብቻ ለካ፤ በአካላዊ ኃይል መገደድ፣ አጋር ሊያደርግ የሚችለውን በመፍራት ሳይፈልጉ መስማማት፣ እንዲሁም የሚያዋርድ ወይም የሚያሳፍር ወሲባዊ ድርጊት እንዲፈጽሙ መገደድ። ሦስቱ አጫጭር ስለሆኑ በቃል ለመጠየቅ ይመቻሉ፤ በተለይ ሁለተኛው ድብደባ ሳይኖር በፍርሃት ብቻ የሚፈጸመውን ጥቃት ስለሚይዝ ከሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ ይህን እወድለታለሁ። ጉድለታቸው በትዳር አጋር ላይ ማተኮራቸው ነው፤ ሌላ ሰው የፈጸመው ለብቻው መጠየቅ አለበት።

የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ የቤት ውስጥ ጥቃት ክፍል አገር አቀፍ ናሙና አለው፣ ከሌሎች አገሮችም ጋር ያነጻጽራል። በየቤቱ አንዲት ሴት ብቻ በዕጣ ትመረጣለች፤ ብቻዋን መሆን ካልተቻለ ክፍሉ አይጠየቅም። ሆኖም ረጅም በሆነ የጤና መጠይቅ ውስጥ የገባ አንድ ክፍል ነው፤ ጠያቂዎቹም ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሠለጠኑ አይደሉም። በኒካራጓ በትዳር አጋር የሚደርስን አካላዊ ጥቃት የለኩ ሦስት ጥናቶች ሲነጻጸሩ ለጉዳዩ ብቻ የተዘጋጁት ሁለቱ 52 እና 69 በመቶ ሲያገኙ፣ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳው ያገኘው 28 በመቶ ነበር። ቦታዎቹ የተለያዩ ስለነበሩ ልዩነቱ ሁሉ ከዘዴው የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ አጥኚዎቹ ግን የጠያቂዎችን ሥልጠና፣ የግላዊነትን መጠበቅና መላሿ ለመናገር የምታገኘውን ዕድል ብዛት ዋነኛ ምክንያት አድርገው አቅርበዋል።

በ1996 የተሻሻለው የግጭት ዘዴዎች መለኪያ አጭርና በሰፊው የታወቀ ቢሆንም በአጋሮች መካከል ላለው ብቻ የተሠራ ነው፤ ድርጊቶችን ይቆጥራል እንጂ ማን እንደ ጀመረና ማን እንደ ፈራ አይጠይቅም። ለወሲባዊ ጥቃት ዋና መለኪያ አድርጎ መጠቀሙን አልመክርም።

ወንዶችን የሚያካትት ጥናት አንድ ተጨማሪ ነገር መፈተሽ አለበት። ብዙ መጠይቆች የወንድን ሰለባነት የሚያዩት በሰውነቱ ላይ ዘልቆ በመግባት ብቻ ሲሆን፣ ወንዱ ራሱ ሳይፈልግ ወደ ሌላ ሰው ዘልቆ እንዲገባ የተገደደበትን ሁኔታ አይጠይቁም። በመግቢያው የተጠቀሰው የበሽታ መቆጣጠሪያው ማዕከል የ2010 ዳሰሳ ሁለቱን ለይቶ ሲጠይቅ፣ በሕይወት ዘመናቸው ተደፍረዋል የተባሉት ወንዶች 1.4 በመቶ፣ በሁለተኛው መንገድ የተገደዱት ግን 4.8 በመቶ ሆኑ። ጥያቄው ባይኖር እነዚህ ወንዶች በመረጃው ውስጥ አይኖሩም ነበር።

ፊት ለፊት፣ በስልክ ወይስ በራስ መሙላት

ለሌላ ሰው ድምፅ አውጥቶ አዎ ተደርጎብኛል ማለት ከባድ ነው። መላሹ ጥያቄውን በጆሮ ማዳመጫ ሰምቶ መልሱን በኮምፒውተር ላይ ራሱ የሚጫንበት ዘዴ ይህን ሸክም ያቀላል፤ ማንበብም አይጠይቅም። በ1998 በታተመ አሜሪካዊ ሙከራ፣ ከወንድ ጋር ወሲባዊ ንክኪ እንደነበራቸው የገለጹ ጎረምሶች በወረቀት መጠይቅ 1.5 በመቶ ሲሆኑ በድምፅ በታገዘው ኮምፒውተር 5.5 በመቶ ሆነዋል። ጉዳዩ ጥቃት ባይሆንም ኃፍረት በመልስ ላይ ያለውን ኃይል በግልጽ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ኮምፒውተር ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይደለም። በደንብ የሠለጠነች ሴት ጠያቂ ያልገባን ጥያቄ ታብራራለች፣ መላሿ ስትጨነቅ ታያለች፣ ቆም ትላለች፣ የእርዳታ አድራሻ ትሰጣለች። መላሾች መሣሪያውን በማያውቁት ወይም መልሱ የት እንደሚሄድ በሚጠራጠሩበት ቦታ ሰው ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ሁለቱን ያጣመረበት መንገድ ቀላልና ብልህ ነው፤ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ መላሿ የሚያለቅስና የሚስቅ ፊት የተሳለበት ካርድ ይሰጣታል፤ በልጅነቷ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባት ከሆነ በሚያለቅሰው፣ ካልሆነ በሚስቀው ፊት ላይ ምልክት አድርጋ፣ ጠያቂዋ ሳታይ፣ ፖስታ ውስጥ ትከታለች። በአብዛኞቹ ቦታዎች በካርዱ የተገለጠው በቃል ከተነገረው በልጦ ተገኝቷል። ካርዱ ማተሚያ እንጂ ሌላ ወጪ ስለሌለው፣ የትኛውም የፊት ለፊት ጥናት ያለ እርሱ ባይካሄድ እመርጣለሁ።

ስልክ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን መላሿ አጠገብ ማን እንዳለ ጠያቂዋ አታይም። ስለዚህ በስልክ የሚጠየቁት በአዎና በአይደለም ሊመለሱ የሚችሉ ጥያቄዎች ብቻ ይሁኑ፤ አጠገቧ ያለው ሰው መልሷን ቢሰማ እንኳ ጥያቄውን እንዳያውቅ። በኢንተርኔት የሚሞላ መጠይቅ ግላዊነቱ ጥሩ ሲሆን ችግሩ የመላሾች ማነስ ነው። በ2015 በ27 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በተካሄደው ዳሰሳ ከ150,000 በላይ ተማሪዎች ቢሳተፉም የመላሾች ድርሻ 19.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ የቁጥሩ ግዙፍነት ያልመለሱት ከመለሱት ይለያሉ ወይ የሚለውን ጥያቄ አያስቀርም። በአንጻሩ በዘጠኝ ተቋማት ብቻ ተወስኖ እያንዳንዱን የተመረጠ ተማሪ በትጋት የተከታተለ የአሜሪካ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ ጥናት ከሴቶቹ ከግማሽ በላይ መልስ አግኝቷል። እኔ ከሁለቱ የኋለኛውን አምናለሁ።

በተዘዋዋሪ መጠየቅም ይቻላል። በ1965 የቀረበው የዕጣ ምላሽ ዘዴ (መላሹ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ጠያቂው በማያየው ዕጣ የሚወሰንበት) እና ከእርሱ በኋላ የመጣው የዝርዝር ሙከራ የአንድን ሰው መልስ ሳያጋልጡ የቡድኑን ድርሻ ይገምታሉ። በዝርዝር ሙከራ ለምሳሌ ግማሾቹ መላሾች አራት ተራ ገጠመኞች፣ ግማሾቹ እነዚያው አራቱ ከጥቃቱ ጋር ተነግሯቸው ስንቱ እንደደረሰባቸው ብቻ ይናገራሉ፤ የአማካዮቹ ልዩነት የጥቃቱ ድርሻ ነው። ግምቱ ግን ሰፊ የስሕተት ክልል አለው፤ ሰለባዋ ማን እንደሆነች ስለማይታወቅም ከጤና ጋር ማያያዝ ወይም እርዳታ ማቅረብ አይቻልም። ቀጥታው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያሳንስ ለመፈተሽ እንጂ ዋና መለኪያ ለመሆን አይበቃም።

የጊዜ ወሰንና የጥናቱ ስም

ሰዎች የከበደ ነገርን ከደረሰበት ጊዜ አቅርበው ያስታውሳሉ። ከ14 ወር በፊት የሆነ ጥቃት በ12 ወር ወሰን ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ይህም ከላይ በስሌቱ ካየነው የስሕተት አዎ ምንጮች አንዱ ነው። የአሜሪካ ወንጀል ዳሰሳ በየስድስት ወሩ እየተመለሰ ያለፈውን ቃለ መጠይቅ እንደ መነሻ ድንበር ይጠቀማል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚካሄድ ጥናት ይህን ማድረግ ባይችልም፣ አስቀድሞ ስለ ሕይወት ዘመን ጠይቆ ከዚያ ያለፈውን ዓመት ለይቶ መጠየቅ፣ የታወቀ በዓልን ወይም የመላሿን የራሷን ክስተት የዘመን ምልክት ማድረግ ይችላል። ተደጋጋሚ ጥቃትን በተመለከተም ደንብ ያስፈልጋል። የወንጀል ዳሰሳው ተመሳሳይና ተከታታይ ጥቃቶችን እስከ አሥር ድረስ ብቻ ይቆጥራል፤ ይህ ድምሩን ከጥቂት መላሾች የበላይነት ቢያድነውም፣ በባሏ በየሳምንቱ የምትገደደውን ሴት ሸክም አብዛኛውን ይሰርዘዋል። ወሰን የተደረገበትንና ያልተደረገበትን፣ ሁለቱንም ድምሮች ማውጣት የተሻለ ነው።

ጥናቱ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ስምም መልስ ይቀይራል። የወንጀል ጥናት ነው ተብላ የተነገራት ሴት የፍቅረኛዋን ድርጊት እንደ ወንጀል ካላየችው አታነሣውም። የጤና ወይም የሕይወት ገጠመኝ ጥናት ተብሎ መቅረቡ ሁለት ጥቅም አለው፤ ይህን በር ይከፍታል፣ ደግሞም በቤት ውስጥ ያለ ጥቃት አድራሽ የጥናቱን ትክክለኛ ጉዳይ እንዳያውቅ ይከላከላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ባወጣው የሥነ ምግባር መመሪያ ላይ ከሰፈሩት ጥንቃቄዎች አንዱ ይኸው ነው። በየቤቱ አንዲት ሴት ብቻ መጠየቅ፣ ሰው ሲገባ ጠያቂዋ ወዲያው የምታወራው ሌላ ርዕስ መዘጋጀት፣ የእርዳታ አገልግሎት አስቀድሞ መገኘት፣ ለጠያቂዎቹም ድጋፍ ማድረግ ከዚሁ ጋር ይሄዳሉ። እነዚህን ከመረጃ ጥራት የተለየ ወጪ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ደኅንነት ያልተሰማት ሴት እውነቱን አትናገርም።

ገንዘቡ ሲያንስ የሚቀነሰው

አንድ ዓይነት መሣሪያ መጠቀም እንኳ ንጽጽርን አያረጋግጥም። የአውሮፓ ኅብረት የመሠረታዊ መብቶች ኤጀንሲ በ2014 ያወጣው ጥናት 42,000 ሴቶችን በ28 አገሮች በአንድ መጠይቅ ፊት ለፊት ጠይቆ፣ ከ15 ዓመታቸው ወዲህ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው በዴንማርክ 52፣ በፊንላንድ 47፣ በፖላንድ ደግሞ 19 በመቶ መሆናቸውን ዘግቧል። ከዚህ ተነሥቶ ፖላንድ ይበልጥ ደኅና ናት ማለት አይቻልም፤ ስለ ጥቃት በግልጽ መናገር በሚለመድበት አገር ብዙ ይነገራልና፣ የቁጥሩ ልዩነት የጥቃቱን ልዩነት ብቻ አይደለም የያዘው። በዚህ የተነሣ የትኛውም ዘገባ የጥያቄዎቹን ሙሉ ቃል፣ የማን ድርጊት እንደ ተካተተ፣ ማን በምን ዘዴ እንደ ጠየቀና የመላሾችን ድርሻ ከውጤቱ ጋር አብሮ ማተም አለበት።

በጀቱ ሁሉን ካላሟላ መጀመሪያ የሚቀነሰው የናሙና መጠን ነው፤ የናሙና ማነስ የሚያመጣውን ስሕተት ቢያንስ አስልቶ መግለጽ ይቻላልና። ቀጥሎ የሌሎች ርዕሶች ጥያቄዎች ይውጡ። የማይነኩት ሦስት ናቸው፤ የድርጊት ጥያቄዎቹ ዝርዝር፣ የጠያቂዎች ሥልጠና፣ እና መላሾች እያንዳንዱን ጥያቄ ምን ብለው እንደተረዱት በራሳቸው ቃል የሚያስረዱበት ቅድመ ሙከራ። በዚህ ሙከራ ላይ ከተለያየ ዕድሜና የትምህርት ደረጃ የመጡ ጥቂት ሰዎችን አስቀምጦ ‹‹ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ምን መጣልዎት?›› ብሎ መጠየቅ፣ ማስገደድ የሚለው ሐሳብ ለአንዷ ድብደባ ብቻ፣ ለሌላዋ ደግሞ ጭቅጭቅም ጭምር መሆኑን ወዲያው ያወጣል፤ ጥያቄውም ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት እንዲስተካከል ያደርጋል።